ሰኞ ሰኞ ለሚወድቀው ወረቀት ቆራጭ

በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ የምትጠብቁ እናቶችና አባቶች፤ ማሽን አጥፍታችሁ የመጣችሁ የማተሚያ ቤት ባልደረቦቼ፤ የሟቹ ልጅ መምህራን፤ የሰፈሩ ሰዎች፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ አንቺ እህቴ፣ የዚህ ሰው ባለቤት። አክብራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ እኔ የማተሚያ ቤቱ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ከዚህ ሰው ጋር ሃያ ሦስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሠርቻለሁ። አለቃው ነበርኩ። ጓደኛውም ነበርኩ ብል ደስ ይለኛል። ያንን ለማለት መብት ይኑረኝ አይኑረኝ ግን ተናግሬ ስጨርስ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ንግግር ጽፌ ነበር። ትናንት ቁጭ ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ትጉህ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ የሚሉ ቃላት ነበሩበት። አንዱም ውሸት አይደለም። ሄጄ ለባለቤቱ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ለማንም ሰው የሚነበብ ነው። የሱን ይናገሩ» አለችኝ። ወረቀቱን ቤቴ ትቼው መጣሁ።

እንግዲህ የሱን ልናገር።

ወረቀት ቆራጭ ነበር። ማተሚያ ቤት ገብታችሁ ለማታውቁ፣ መጽሐፍ ከማሽን ሲወጣ ገና መጽሐፍ አይደለም። ትልልቅ ሉህ ነው። ይታጠፋል፣ ይሰፋል፣ ልባስ ይለጠፍበታል፣ በመጨረሻ ሦስት ጎኑ ይቆረጣል። ቆራጩ ከተሳሳተ ከጸሐፊው ጀምሮ የሁሉም ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። እሱ አይሳሳትም ነበር። ክምሩን በዓይኑ ያይና «ሁለት ሚሊ ይተርፈዋል» ይላል። እንለካለን። ሁለት ሚሊ ነው። ስለዚህ ሚሊ አልነው። ደመወዝ ከፋዩ ሳይቀር ሚሊ ነበር የሚለው።

ቤቱም እንደዚያው ነው። ባለቤቱ መጋረጃ ስትሰቅል ከበሩ ቆሞ «በግራ በኩል ሚሊ ወርዷል» ይላታል። እሷም ልብስ ሰፊ ናት፤ በዋዛ አትለቅም። ሜትሯን አምጥታ ትለካለች። «ሁልጊዜ እሱ ነው የሚረታው?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «አንድ ቀን እኔ ረትቼዋለሁ» አለችኝ፤ «እሱ ግን የሜትርሽ ጫፍ ተበልቷል ብሎ እምቢ አለ።»

ሳቁ፤ ግድ የለም። እሱም ይወደው ነበር ይሄን ወሬ።

ይህ ሰው ሰኞ ሰኞ ይወድቅ ነበር። ሁልጊዜ ሰኞ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሲበዛ ግን ሰኞ ነው። አንዳንዱ ሰኞ አርፍዶ ይመጣል። አንዳንዱ ሰኞ ጭራሽ አይመጣም። ማክሰኞ ሲመጣ ሁለት ሰው የሚያነሳውን ጥቅል ብቻውን ያነሳል። ምን እንላለን? እሑድ ጠጥቶ ነው አልን። በሕይወቱ መጠጥ ቀምሶ የማያውቅን ሰው ሰካራም አልነው። ቀልደኞቹ «የሰኞ በሽታ» አሉት። እሱ ወረቀቱን ይቆርጣል።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነውን እነግራችኋለሁ። እዚህ ከቆማችሁት ቢያንስ ስምንቱ እዚያ ነበራችሁ።

ጠዋት ወረቀት የጫነ መኪና መጣ። እሱና ሁለት ወዛደሮች ሲያወርዱ አረፈዱ። አራት ሰዓት ላይ ለሻይ ተቀመጥን። ከጥረዛ ክፍል አንዷ ወልዳ ኬክ ተልኮልን ነበር። ሁለት ቁራጭ በላ። ላቡ እየደረቀ፣ በወረቀት ክምር ተደግፎ ተቀመጠ። ደወል ሲደወል ሁላችን ተነሳን። እሱ አልተነሳም።

«እግሬ እምቢ አለኝ» አለ።

ቀልድ መሰለን። ትንሽ ቆይቶ እጁም እምቢ አለው። ዓይኑ ግን ክፍት ነው፣ ያያል፣ ይናገራል። ዙሪያውን ከበብነው። ከመካከላችን አንድ ሰው፣ «ምነው፣ ሐውልት ሆንክ እንዴ?» አለ። ሁሉም ሳቀ። ሌላው ደግሞ ሐውልት አንድ ነገር መያዝ አለበት ብሎ ማስመሪያ እጁ ላይ አስቀመጠለት። ማስመሪያው ተንሸራቶ ወደቀ። ሳቁ ባሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ሚሊ መባሉ ቀረ። ሐውልት ሆነ። ከሥራ እስከ መንገድ፣ ከመንገድ እስከ ሰፈር፣ ሐውልት።

ያንን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። «አንድ ሰው» ያልኳችሁ እኔ ነኝ።

እሱ ምን አለ? አትሳቁብኝ አላለም። «አለቃ፣ የመማሪያ መጽሐፉን ደንበኛው ዘጠኝ ሰዓት ይወስዳል። ሌላ ሰው ይቁረጠው። መለኪያውን አስተካክዬዋለሁ፣ እንዳትነኩት» አለ። ይሄን ብቻ።

ለአራት ሰዓት ያህል እዚያው ተቀመጠ። እኛ እየዞርነው እንሠራለን። በመካከል በአጠገቡ ሳልፍ ዝንብ ከንፈሩ ላይ አርፋበታለች። ሊያባርራት አልቻለም። ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ። አየሁት። አየሁትና አለፍኩ። እጄን ወዲህ ማድረግ ምን ነበረበት? ምን ያስከፍለኝ ነበር?

ስምንት ሰዓት ላይ ጣቶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ቀስ ብሎ ተነሳ። ጨርቅ ይዞ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ወለወለና ቤት ለመሄድ ፈቃድ ጠየቀኝ። እኔም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠሁት። በሥራ ሰዓት ሆን ብሎ ሥራ ማቆም ይላል። ፊርማው የኔ ነው። በዓመቱ ሁለተኛ ሰጠሁት። ከዚያ ሦስተኛ። ከሦስተኛው በኋላ ከመቁረጫው አንስተን መጋዘን አስገባነው። ያ ዓይን መጋዘን ገባ።

ሐኪም ቤት አልሄደም እንዳትሉ። ሄዷል። ግን የሚሄደው ሲሻለው ነው፤ ሳይሻለው በምን እግሩ ይሂድ? ሲሄድ ደግሞ ምንም አይገኝበትም። ልቡ ደህና፣ ደሙ ደህና፣ ጉልበቱ የበሬ። «ምንም የለህም» ይሉታል። አንዱ ጭራሽ «ሥራ መሸሽ ይሆናል» ብሎ ጽፎለታል። አባቱም በዘመናቸው ጠዋት የማይነሱ ሰነፍ ይባሉ ነበር አሉ። ሰነፍ ተብለው ኖሩ፣ ሰነፍ ተብለው ሞቱ። እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ሲባል ስላደገ፣ እኛ ስንለው አዲስ አልሆነበትም።

ሰነፍ መሆኑን ያላመነች አንዲት ሰው ነበረች። እዚህ ቆማለች።

እህቴ፣ ይሄን ስናገር አንገትሽን አትድፊ። ከሁላችን ቀና ማለት ያለብሽ አንቺ ነሽ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከአልጋው መነሳት አቃተው። እንደ ሌላው ጊዜ ይሻለዋል ብላ አልጠበቀችም። ጎረቤት ጠራች። አራት ሰው በብርድ ልብስ ተሸክሞ የዕቃ መኪና ላይ አወጣው። ትልቁ ሆስፒታል ወሰደችው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ቀጠሮ አላችሁ?» አለቻት። የለንም። «እንግዲያው ሐሙስ አምጪው።»

ምን መለሰች መሰላችሁ? «ሐሙስ በእግሩ ይመጣል። በእግሩ ሲመጣ ምንም የለህም ትሉታላችሁ። እኔ የማይንቀሳቀስ ባል ነው ያመጣሁት፤ እንዳይንቀሳቀስ ሆኖ እያለ ደሙን ውሰዱልኝ።» ይህን ብላ የምርመራ ክፍሉ በር ላይ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የሚገባም የሚወጣም እሷን ተራምዶ ካልሆነ አያልፍም።

በዚያ የምታልፍ አንዲት የነርቭ ሐኪም ቆመች። «ትናንት ምን በላ?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቱ ከቦርሳዋ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አወጣች። የሦስት ዓመት ነው። በጀርባው በትንንሽ ፊደል ጽፋበታለች። የወደቀበት ቀን። ከዚያ በፊት የበላው። ምን እንደተሸከመ። ስንት ሰዓት እንዳረፈ። ሐኪሟ እዚያው ቆማ አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ ነርሷን ጠራችና «አሁኑኑ ደሙን ውሰጂ፣ ፖታሲየሙን እፈልጋለሁ» አለች።

ፖታሲየም የሚሉት ከሦስት ተኩል በታች መውረድ የለበትም። የሱ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ነበር።

በሳምንቱ እኛ ዘንድ መጣ። ሐኪሟ ሥዕል የሣለችለትን ወረቀት ይዟል። በሻይ ሰዓት «አሥር ደቂቃ ስጡኝ» አለ። ወረቀቱን የድሮው መቁረጫው ላይ ዘረጋው። ተሰበሰብን። እንግዲህ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ እሱ እንደነገረን ነው የምነግራችሁ።

«ጡንቻ ከጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው» አለ። «እያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን አለው። ምን ያህል ይሳሳል መሰላችሁ? አንድ ሚሊ ወስዳችሁ መቶ ሺህ ቦታ ቁረጡት። አንዷ ክፋይ እንኳ ከሱ ትወፍራለች።» ይሄን ሲል ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩት። በሕይወቱ ሊቆርጠው የማይችለው ነገር አገኘ።

«ከሽፋኑ ውስጥ ፖታሲየም ይበዛል፣ ከውጭ ሶዲየም ይበዛል። ሽፋኑ ላይ ፓምፖች አሉ፤ አንዱን ወደ ውስጥ አንዱን ወደ ውጭ ሲገፉ ይኖራሉ። ሽፋኑ በዚያ ልዩነት እንደ ባትሪ ይሞላል። በሮችም አሉት። ከነርቭ ትእዛዝ ሲመጣ የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፣ ሶዲየም ይገባል፣ ኤሌክትሪኩ ከበር ወደ በር እየተቀጣጠለ ጡንቻውን ይዘልቀዋል። ጡንቻው ይኮማተራል። እጅ ተነሳ ማለት ይሄ ነው።»

«ያንተስ?» አለ አንዱ።

«የኔ ከአባቴ የወረስኩት አንድ ዓይነት በር ያፈሳል። ደሜ ውስጥ በቂ ፖታሲየም ካለ አይታወቅም። ጣፋጭ ስበላ ግን ኢንሱሊን ይመጣል፣ ኢንሱሊን ፓምፖቹን ያፈጥናቸዋል፣ ፖታሲየሙን ከደሜ እየቀዱ ወደ ሕዋሳቱ ያስገቡታል። ከባድ ሥራ ሠርቼ ድንገት ሳርፍም እንደዚያው ይሆናል። ሰኞ ሰኞ የምወድቀው እሑድ ጥሩ በልቼ ስለማርፍ ነው። ደሜ ውስጥ ሲያንስ ያ የሚያፈሰው በር ባትሪውን ያወርድብኛል። ባትሪው ሲወርድ የሶዲየም በሮች ተቆልፈው ይቀራሉ። ነርቩ ተነሳ ይላል። ደጋግሞ ተነሳ ይላል። የሚከፍትለት የለም።»

የጥረዛ ክፍሉ ወፍራም ወዳጃችን፣ ያው እዚያ ቆሟል፣ «እኔ ኬክ በልቼ የማልወድቀው በሮቼ ደህና ስለሆኑ ነው ማለት ነው?» አለው።

«ያንተ የውስጦቹ ደህና ናቸው» አለው። «የማይዘጋው የፊተኛው ነው።»

ሳቅን። ከዚያ የበር ጥበቃው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «ታዲያ ያኔ ስትወድቅ... ትሰማን ነበር?»

«የሚቆለፈው የጡንቻዬ በር ነው» አለ። «ጆሮዬ ምንም አይሆንም። ሁሉን እሰማ ነበር።»

ወረቀቱን አጣጠፈና ኪሱ ከተተ። ማንንም አላየም። ማንንም ላለማየት እየተጠነቀቀ ነበር።

ሲወጣ ተከተልኩት። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። ከመጠየቄ በፊት እሱ ቀደመኝ። «አለቃ፣ አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። እነዚያን ሦስት ደብዳቤዎች ከማኅደሬ አውጣልኝ። የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። አንድ ቀን ስለ አባቷ ብትጠይቅ እንደዚያ ተጽፎ እንዲገኝ አልፈልግም።» እሺ አልኩት። አላወጣኋቸውም። ለማውጣት ለሥራ አስኪያጁ መጻፍ ነበረብኝ፤ መጻፍ ደግሞ ተሳስቼ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ነገ ስል ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። እሱም ሁለተኛ አላነሳብኝም። አሁን እዚህ ቆሜ ስናገር ደብዳቤዎቹ መሳቢያው ውስጥ ናቸው።

እንደዚያም ሆኖ ዘጠኙ ዓመት መልካም ዓመት ነበር። ክኒን ታዘዘለት። በውሃ የሚበጠበጥ የፖታሲየም መድኃኒት ነበረው፤ ሲጠጣው ፊቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጨማደዳል። ከባድ ዕቃ ካነሳ በኋላ አይቀመጥም፤ ግቢውን ይዞራል። እየዞረ ከዘበኛው ጋር ያወራል፣ ከሹፌሩ ጋር ያወራል፣ ከችግኙ ጋር ያወራል። መጋዘን ከገባ ወዲህ ከመላው ድርጅት ጋር የተዋወቀው በዚያ ዙረት ነው። መውደቁም ቀነሰ፤ በዓመት አንዴ፣ ሁለቴ። ሐኪሟ ካርድ ጻፈችለት፤ እሱም በካርቶን አትሞ፣ ራሱ ቆርጦ፣ በፕላስቲክ አስለብሶ በደረት ኪሱ ያዘው። ሁለት መስመር ነው። «ስወድቅ ፖታሲየሜን ለኩ። ግሉኮስ አትስጡኝ።» ምክንያቱን ለእያንዳንዳችን አስረድቶናል። ግሉኮስ ስኳር ነው። ስኳር በደም ሥሩ ገባ ማለት፣ ቀድሞውኑ ባነሰው ላይ የቀረውንም ማሟጠጥ ነው።

ለኔ ብቻ ስንት ጊዜ እንደነገረኝ ልቁጠረው? መቶ ጊዜ ነግሮኛል።

ወደ ረቡዕ መጣሁ።

የመጋዘኑ ጣሪያ እያፈሰሰ ስለነበር ወረቀቱን ወደ ሌላ ክፍል ስናጋዝ ሁለት ቀን ሆኖናል። ያ የሚበጠበጠው መድኃኒት ከየፋርማሲው ከጠፋ አሥራ ሁለት ቀኑ ነበር። ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ክምሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። እግሩ ሄዷል። እጁ እየሄደ ነው። ይሄኛው ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ሲተነፍስ ትከሻው ብቻ ይነሳል። በድርጅቱ መኪና ጫንነው። ትልቁ ሆስፒታል ሃያ ደቂቃ ነው። የሰፈሩ ክሊኒክ አምስት ደቂቃ። ትንፋሹ አስፈራኝና ክሊኒኩ አስገባሁት።

አልጋ ላይ አስተኙት። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው መጣ። ካርዱን ከደረት ኪሱ አውጥቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ ትሪው ላይ አስቀመጠው። እሱ በቀጭን ድምፅ፣ «ግሉኮስ... አይሆንም» አለ። እኔም «ግሉኮስ አይሆነውም» አልኩ።

«አባት፣ ሰውየው ተዳክሟል። ላብ አጥምቆታል። እርስዎ ሐኪም ነዎት?» አለኝ።

«አይደለሁም» አልኩ።

«እንግዲያው ውጭ ይጠብቁኝ።»

«እሺ» አልኩ።

እሺ አልኩና ወጣሁ። በአክብሮት ነው የተናገረኝ፤ በቁጣ አይደለም። አልገፈተረኝም። በሩን በገዛ እጄ ከፍቼ ወጣሁ። ስወጣ ዞር ብዬ አየሁ። አንገቱን ማዞር አይችልም፤ በዓይኑ ግን እስከ በሩ ድረስ ሸኘኝ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። ተቀመጥኩ። በበሩ መስታወት የግሉኮሱ ከረጢት ተሰቅሎ ይታየኛል። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ገብቼ ልንቀለው? ያ ሰው ቢሰድበኝስ? ተሳስቼ ቢሆንስ? እነሱ የተማሩ ናቸው፤ እኔ ማን ነኝ? ይሄን ሁሉ አሰብኩ። ለባለቤቱ ደወልኩ። «ክሊኒክ ነን፣ ነይ» አልኳት። ስለ ከረጢቱ አልነገርኳትም። ብነግራት ኖሮ በስልክ ትጮህ ነበር፣ ያ ሰው ይሰማት ነበር፤ እሷ ውጪ ስትባል ወጥታ አታውቅማ። አርባ ደቂቃ ያህል ተቀምጬ ሳለ ውስጥ የሚሮጥ እግር ሰማሁ። ከዚያ ሩጫው ቆመ። ባለቤቱ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰች። እሱ አልጠበቃትም።

ትናንት ለነርቭ ሐኪሟ ደወልኩላት። ልብም ጡንቻ ነው አለችኝ፤ ያው ሽፋን፣ ያው በር፣ ያው ጨው። ፖታሲየሙ እንደዚያ ሲወርድ የልብ ምቱ ሥርዓቱን ይስታል። «ካርዱን አሳይተዋቸው ነበር?» አለችኝ። አዎ። «አነበቡት?» አላውቅም አልኳት።

ስለ ጋዋን ለባሹ እንድትቆጡ አይደለም ይህን የምናገረው። ለተዳከመ ሰው የሚሰጠውን ሰጠ። አላወቀም። ማንበብ ነበረበት፣ አላነበበም፤ እሱ በራሱ ነገር ይጠየቅበታል። በዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር። የሚያውቀው ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አውቅ ነበር። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን አውቅ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ግን አውቅ ነበር። አልወጣም ማለት ስንት ቃል ነው?

ያንን ሁለት ገጽ ካነበብኩላት በኋላ ይህን ሁሉ ለባለቤቱ ነገርኳት። የሱን ይናገሩ ካለችኝ፣ የሱ ይሄ ነውና። «እንዲህ ሆኖ ነው?» አለች። ይቅር አላለችኝም። አልረገመችኝም። ልሄድ ስነሳ እስከ በር ሸኘችኝና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ነገ እንዳለ ይናገሩታል። ለርስዎ ብዬ አይደለም። ለልጄ ብዬ ነው» አለችኝ።

ስለዚህ የቀረኝ ስለ ልጁ ነው።

እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ቅድም ከመካከላችሁ «አባቷ እየተቀበረ ምነው ተቀመጠች?» ያለ ሰው ሰምቻለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እግሯ እየታዘዘላት ስላልሆነ ነው። ሁለት ቀን አልተኛችም፤ ያለቀሰችው ልቅሶ ደግሞ ከሸክም አይተናነስም። መድኃኒቷን እናቷ ከሰው ለምና አግኝታላት ጠዋት ወስዳለች። ያ በር ለሷም ደርሷታል።

ባለፈው ዓመት ክፍል ውስጥ ተነሺ ስትባል አልተነሳችም። መምህሯ እዚህ አሉ። እኔ ከርስዎ የከፋ ስላደረግሁ ልወቅስዎ አልችልም። ትእቢተኛ ተብላ ስሟ ተመዘገበ። ለአባቷ ስትነግረው እኔ አጠገቡ ነበርኩ። «ምን አልሻቸው?» አላት። «ዝም አልኩ» አለችው። እኔን አላየኝም፣ እሷን ብቻ አያት፤ «አንቺ ዝም እንዳትዪ» አላት።

እናንተ መምህራን፣ እናንተ ጎረቤቶች፣ እናንተ የማተሚያ ቤት ሰዎች። ይህች ልጅ ብትወድቅ ትሰማችኋለች። ከላይዋ ቆማችሁ የምትሉትን ሁሉ ትሰማለች። ስኳር ያለበት ነገር አታቅምሷት። ቅርብ ነው ብላችሁ የትም አታስገቧት፤ ሐኪሟ ያለችበት ትልቁ ሆስፒታል ውሰዷት። እናቷን ጥሩ። ውጡ ከተባላችሁ አትውጡ። ይስደቧችሁ፤ ስድብ ይታጠባል። የተማረ ቢሆን፣ ጋዋን ቢለብስ፣ አባት ብሎ ቢያከብራችሁ፣ አትውጡ። እኔን ያየ ሰው እሺ ብሎ አይውጣ።

አሁን ከዚህ ከተኛው ሰው ጋር ትንሽ ልነጋገር።

ወንድሜ፣ ይቅርታ አልጠይቅህም። መልስ ልትሰጠኝ በማትችልበት ሰዓት ከላይህ ቆሜ መናገር ዛሬ አልጀመርኩትም፤ ዛሬም ልደግመው አልፈልግም። ሐውልትም አልልህም። ሚሊ ነህ። ከሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ትክክል የተናገርከውን ብዛት፣ እኔ የሰማሁትን ማነስ፣ አንተ ብትሆን በሚሊ ትነግረኝ ነበር።

ቆይ። ልጅህ ልትነሳ ነው።

እባካችሁ መንገድ ክፈቱላት። አትደግፏት፤ እናቷን በዓይኗ ከልክላታለች፤ በራሷ መምጣት ትፈልጋለች። አንድ እግሯን አንስታለች። አካፋ የያዛችሁ ልጆች፣ አካፋውን መሬት አስቀምጡት። ማንም አይቸኩል። ከዚህ እስከዚያ አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። አንድ ሰዓት ቢፈጅባትም እንቆማለን።

ሚሊ፣ ልጅህ እየመጣች ነው። እሷ ደርሳ የምትልህን እስክትልህ እኔ ዝም እላለሁ። ደህና ሁን።